በጣቷ ያነበበችው ደራሲ

ይድረስ ለአያ ጎሹ፣ ዛሪማ።

ቤተሰቡ እንዴት ከረመ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሸጋ ነን። ስልክህ አልገባ ስላለኝ ይህን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ልኬልሃለሁ። እጄ ስለደከመ የምትጽፍልኝ ልጄ ፍሬሰላም ናት።

የሾፌርነቱ ሥራ አለ፤ ግን የአዘዞ መንገድ አስመርሮኛል። ባጃጆቹ ከየት እንደሚበቅሉ እንጃ፣ አፍንጫዬ ሥር ድንገት ብቅ ይላሉ። ተሳፋሪውም፣ "እጃችንን እያወዛወዝን ምነው ጥለኸን አለፍክ?" እያለ ይሰድበኛል።

ቅዳሜ አመሻሽ ፍሬሰላም አንዲት ደራሲ መጽሐፏን ወደምታነብበት አዳራሽ ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ዓይነ ስውር ናት። ወረቀቱን በጣቷ እየዳሰሰች የአምባ ጊዮርጊስን የገበያ ቀን አነበበችልን። አያ ጎሹ፣ ሠላሳ ዓመት በማኪና የተመላለስኩበትን አገር ገና ያን ቀን ያየሁት መሰለኝ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ጣቶቿን እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ።

ሲያልቅ ጠጋ ብዬ፣ "በጣት ማንበብ ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አልኳት።

"ማን ሊማር ነው?" አለችኝ።

"ለሰው ብዬ ነው" አልኳት።

ለልጆቹ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። በጤና ያገናኘን።

ወንድምህ ወንዴ

አጎቴ፣ ይህን አባቴ ሳይሰማ የጨመርኩት እኔ ፍሬሰላም ነኝ። እጁስ ደህና ነው፤ የደከመው ዓይኑ ነው። የማኪናውን ቁልፍ ደብቄበታለሁ። ቶሎ ይምጡ።