ጎረቤታችን ነው ያልኩህ ቀን

ለምወድህ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ገበያ መውረዷን አልተወችም። እኔም ከሃና ከተማ ወደ ጂንካ የጠየቅኩት ዝውውር አንተ ከሄድክ በኋላ ተፈቅዶልኝ፣ አሁን ከእሷ ጋር እየኖርኩ እዚሁ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሱቅህን ሞባይል ለሚጠግን ሰውዬ አከራየነው። ዝግ ሆኖ አይቆይ ያለችው እማዬ ናት። መደርደሪያህን አላፈረሰውም። ለጥገና የመጡልህን ሬዲዮኖች እየዞርን ለባለቤቶቻቸው መለስን፤ ባለቤታቸው ያልታወቀ አራት ቀርተው አልጋዬ ሥር ተቀምጠዋል። አንዱን ስከፍተው ይሠራል። ጠግነኸው ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ልነግርህ ደስ ይለኛል፤ ብዕር ያነሳሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ ስል ስል የቀረ ነገር አለ።

የሮክ ባንዱ የተጫወተበትን ቅዳሜ ታስታውሳለህ። እኔ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ባንዱ በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ ነበር፤ ከሐዋሳና ከአርባ ምንጭ ቀጥሎ ጂንካ ይመጣል ሲባል ማንም አላመነም። ዘፋኝ መጥቶ ያውቃል፤ እንዲህ ያለ፣ ሦስት ጊታርና ድራም ይዞ የሚጮህ ባንድ ግን በዓይናችን አይተን አናውቅም ነበር። ፖስተሩ በየሻይ ቤቱ ተለጠፈ። ኮንሰርቱ በቲያትር አዳራሹ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከቀይ አፈርም፣ ከአልዱባም መጥተው ዘመድ ቤት ያደሩ ነበሩ።

የባንዱ ልጆች ዓርብ በሚኒባስ ገቡ። ድምፅ ማጉያውን የጫነው አይሱዙ ግን ከኋላቸው ቀረ። ከቀይ አፈር ወዲህ ዝናቡ ወንዙን ሞልቶት ማለፍ አልቻለም። ቅዳሜ ጠዋት ወንዙ አልጎደለም። የአዳራሹ የራሱ ድምፅ ማጉያ ለስብሰባ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም፤ እሱም ግማሹ አይሠራም። ያኔ ነው የባንዱ መሪ፣ ያ ጸጉሩን ያስረዘመው ልጅ፣ ሰው ጠቁሞት ሱቅህ የመጣው። እኔ ምሳህን ይዤልህ መጥቼ እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ከተማው ውስጥ ድምፅ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት አሉኝ። ካልሆነልን ሰዉን መመለሳችን ነው» አለህ።

አንተ መነጽርህን አውልቀህ መሬት መሬቱን አየህ። ሁለታችንም ምን እንዳሰብክ አውቀናል። የቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦዎችና ሚክሰሩ አሉ። ድምፁን የምትቆጣጠረው አንተ ነህ፤ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ነው።

«አባዬ፣ ሥራላቸው በቃ። ቁልፉ አንተ ጋ አይደል?» አልኩህ።

«አምነውኝ ነው የሰጡኝ» ብለህ ተነሣህ።

ጋሽ ጴጥሮስ ቤት ድረስ ተከተልኩህ። እሱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው፤ እንደ አንተው ከሶዶ በኩል የመጣ። በወላይትኛ ተነጋገራችሁ። በቋንቋህ ስትናገር ሌላ ሰው ነበርክ፤ ድምፅህ አይቸኩልም፣ ቃል አይጠፋብህም። ጋሽ ጴጥሮስ ሰምቶህ ሲያበቃ አልተቆጣም። «ማርቆስ፣ እኔ እሺ ብልህ ሌሎቹ እሺ አይሉም። ለዘፈን የተገዛ ዕቃ አይደለም» አለህ። አልተከራከርክም። አመስግነኸው ወጣህ። እኔ መንገድ ላይ አኮረፍኩህ። ለአንተ ማዘን ሲገባኝ፣ ኮንሰርቱ ቀረብኝ ብዬ ነው ያኮረፍኩት።

አንተ ግን ወደ ሱቅ አልተመለስክም። ለጥገና ቴፕና አምፕሊፋየር ያስቀመጡልህን ሰዎች አንድ በአንድ ዞርካቸው። ገበያ ቀን ስለነበር ብዙዎቹን እዚያው አገኘሃቸው። «እስከ ማታ ልዋሰው? ከተበላሸ እኔ እሠራለሁ» ስትላቸው አንዳቸውም እምቢ አላሉህም። የሻይ ቤቱ ባለቤት ደንበኞቿ እየሰሙት የነበረውን ቴፕ ነቅላ ሰጠችህ። ከወጣቶች ማዕከል ሁለት ስፒከር፣ ከቀበሌ ደግሞ መኪና ላይ ታስሮ ለቅስቀሳ የሚዞረውን ጥሩምባ አመጣህ። ሰባት ሰዓት ላይ መድረኩ የሰው ሁሉ ዕቃ የተሰበሰበበት የቤት መልቀቂያ ቀን ይመስል ነበር። የባንዱ ልጆች መጀመሪያ ተያዩ፤ ኋላ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ገመድ ያቀብሉህ ጀመር።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሃያ ደቂቃ ሲሆን ተጀመረ። አባዬ፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! አንዱ ስፒከር ይንኮሻኮሻል፣ ጥሩምባው የዘፋኙን ድምፅ የቅስቀሳ ያስመስለዋል፤ ግን ደረት ድረስ ይገባ ነበር። ከፊት ያሉት ወንበራቸውን ትተው ቆሙ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጭስ ሸተተና ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ሰው ማፏጨት ጀመረ። አንተ ከመድረኩ ጥግ በጉልበትህ ተንበርክከህ በባትሪ ስትፈልግ አየሁህ። ድራም የሚመታው ልጅ ሙዚቃው እንዳይቋረጥ ብሎ ብቻውን መታ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተከተለው። አንተ ሽቦ ቆርጠህ፣ በጥርስህ ልጠህ፣ ቀጠልከው። ጊታሩ ተመልሶ ሲጮህ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ነው የጮኸው።

እኔ መሐል ረድፍ ላይ ከሜሮን ጋር ነበርኩ። ሜሮንን ታውቃታለህ፤ አባቷ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። እሷ ስታወራ ቃሏ ሁሉ የተመረጠ ነው። እኔ አጠገቧ ስሆን እንደ እሷ ለመናገር እጥር ነበር። ቤታችን አንድም ቀን አልመጣችም። አልጋበዝኳትም።

የመጨረሻው ዘፈን ሲቀር መሪው ማይክ ይዞ «ዛሬ ይህን ድምፅ የሰማችሁት በጋሽ ማርቆስ ነው!» አለ። እምቢ ስትል እጅህን ይዞ አወጣህ። ካፖርትህ ላይ የሸረሪት ድር ነበር። ማይኩን ሰጠህ።

«እኔ ሬድዮ ነው ምሠራው» አልክ። «ዛሬ ሰው ሁሉ ዕቃ ሰጥቷል። እግዜር ይስጠው። ልጄ እዚ አለ። ምሕረት። እሱ ነው ‹አባዬ፣ ሥራ› ያለኝ። ምሕረት ወዴት ነህ? ተነሣ!»

አዳራሹ ሳቀ። አሁን ሳስበው ክፉ ሳቅ አልነበረም። ጂንካ ውስጥ አማርኛን ቤቱ የተማረ ስንት ሰው አለ? ያን ቀን ግን የሰማሁት «ነህ» ያልከውን ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታትና ማሰር ጀመርኩ።

ሜሮን ወደ እኔ ዞረች። «ምሕረት አላለም? ታውቂዋለሽ?»

«ሌላ ምሕረት ነች» አልኳት። «ሰውዬው ጎረቤታችን ነው።»

ቀና ስል አንተ አሁንም በዓይንህ እየፈለግክ ነበር። ከዚያ ማይኩን መልሰህ ወረድክ።

ማታ ራት ላይ በወላይትኛ «ወዴት ተቀመጥሽ? አጣሁሽ» ስትለኝ «ከኋላ ነበርኩ፣ አልሰማሁህም» አልኩህ። አንተም ዳቦውን ወደ እኔ ገፋ አድርገህ ሌላ ጨዋታ አመጣህ።

የቤተ ክርስቲያኑን ነገር እንኳ አብረን ስቀንበት አልፏል። ለዘፈን ሠርቷል ተብለህ ሦስት ወር ከሚክሰሩ እንድትርቅ ሲያደርጉህ፣ በየእሁዱ እንደ ማንኛውም ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ ማይኩ ሲያፏጭ ጆሮህን ትይዝ ነበር። በአራተኛው ወር ጋሽ ጴጥሮስ ራሱ ስብከቱን አቋርጦ «ማርቆስ፣ እባክህ ና» አለህ። እየሳቅክ ነው የሄድከው። ያንን ለሰው ሁሉ ስትተርክ ኖረሃል። የአዳራሹን ግን አንድም ቀን አላነሳኸውም፤ እኔም አላነሳሁትም። ኋላ ኩላሊትህ ሲታመም አልጋህ አጠገብ ስቀመጥ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ ስንቴ ተነሥቼ ሄድኩ።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤታችን የወላጆች ስብሰባ ነበር። ከተማሪዎቼ የአንዷ አባት ተነሥቶ ስለ ልጁ ተናገረ። የመጣው በና ከሚባለው ገጠር ነው፤ አማርኛው እንደ አንተ ነበር። ጥቂቶች ሳቁ። ልጅቷ ፊቷን ዴስኩ ላይ ደፋች። ሰውዬው አየና ንግግሩን ሳይጨርስ ተቀመጠ። አባዬ፣ ከመድረክ እንዴት እንደወረድክ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሄጄ ልጅቷን ከመቀመጫዋ አስነሣሁና አባቷ አጠገብ አስቀመጥኳት። ለእሱም «ይቀጥሉ፣ አልጨረሱም» አልኩት። ጨረሰም።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እጇ እንኳ አልቆመም።

«ያውቅ ነበር» አለችኝ። «ከመድረክ አይቶሻል። ስትጎነበሺ አይቷል።»

ምን አለ ብዬ ስጠይቃት ተቀመጠች። የዚያን ዕለት ማታ፣ በቋንቋችሁ፣ እንዲህ ብለህ ነገርካት፦ «ልጅ ናት። እኔም በእሷ ዕድሜ ገበያ መሐል አባቴ በስሜ ሲጠራኝ ያልሰማሁ መስዬ አልፌዋለሁ፤ የተቀደደ ጋቢ ለብሶ ነበር። እሱ አልተቆጣኝም። ምንም እንዳትያት።»

እማዬ ቃሏን ጠብቃ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አለች። አለቀስኩ። ይቅር ስላልከኝ ብቻ አይደለም። አንተ ቀድመህ ይቅር ብለኸኝ ሳለ እኔ ከአንተ እየሸሸሁ ስንት ራት በላን ብዬ ነው።

በማግስቱ ሜሮን ጋ ደወልኩ። አሁን አርባ ምንጭ ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት። ያ ኮንሰርት ትዝ ይልሻል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች፤ «ሽቦውን በጥርሱ የላጠው ሰውዬ አይረሳኝም» አለች። «አባቴ ነበር» አልኳት። ከዚያ «ለምን አላስተዋወቅሽኝም? ወርጄ እጁን ልጨብጠው ፈልጌ ነበር እኮ» አለችኝ። ይህን አንተም እንድትሰማ ነው የጻፍኩልህ። እጅህን ልትጨብጥ ፈልጋ ነበር። የከለከልኳት እኔ ነኝ።

አባዬ፣ ይቅርታ። በጊዜው መነገር የነበረበት ቃል ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ይድረስህ።

ከእንግዲህ ደግሞ ይህን ቃል እገባልሃለሁ። ተማሪዎቼ ስለ አባቶቻቸው ሲያወሩ እኔም ስለ አንተ አወራለሁ፤ ከነአማርኛህ፣ ምንም ሳላርም። ልጅ ብወልድም የአዳራሹን ቀን ከነጥፋቴ እነግረዋለሁ። የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰውም ቢገጥመኝ፣ በሰው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ማርቆስ አባቴ ነው እላለሁ። ነበር አልልም።

ልጅህ ምሕረት
ጂንካ