ላስቲኩ የተነሣለት ወንበር

ለበኩር ልጄ፣ ለቤቴ ምሰሶ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ እናትሽን ወደ ቤትሽ ለመውሰድ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ የመጨረሻ መልሴን ልሰጥሽ ነው። አስቀድሜ ግን፣ እንደምን ሰንብተሻል? ባልሽና ልጆችሽ ደኅና ናቸውን? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመምስ ተሻለሽ? እኛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ በአካል ደኅና ነን። በአካል ማለቴ ዐውቄ ነው።

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ ብቻህን አትችላትም» ስትዪኝ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ ሚስት ከቤቷ አትወጣም ብዬ መለስሁልሽ። «እሷ እኮ አንተን ረስታሃለች» ስትዪኝም ተቆጣሁ። በአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ ሰማያዊቱን መኪናችንን አይታ እኔን ካልለየች እንዳልሽው ይሁን ብዬ ቃሌን ሰጠሁሽ። ትርኢቱ ባለፈው እሑድ ተደረገ።

መኪናዋን ታውቂያታለሽ። ቀለሟም፣ ክላክሷም፣ የወንበሯ ጨርቅም ከፋብሪካ እንደ ወጣች ነው። ወንበሩን በላስቲክ ሸፍኜ በማኖሬ እናንተ ልጆቹ በሙቀት ወራት እግራችሁ እየተጣበቀ ስታጉረመርሙ እሰማ ነበር። «ያልተነኩ» በሚባለው ምድብ የሚወዳደር መኪና ግን ወንበሩ መሸፈን የለበትም፤ ዳኞቹ ጨርቁን በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ከሥር ያለውን በመስተዋት ያያሉ። ስለዚህ ላስቲኩን ገፍፌ አነሣሁት። እኔም በሠርጋችን ሰሞን ያሰፋሁትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለበስሁ፤ ጺሜንም ተላጨሁ። ያኔ እንደ ነበርሁ ሆኜ ብታየኝ ትለየኛለች ብዬ ነበር። መኪና እንዲያ ነውና፤ ባዕዱን ዕቃ አውልቀሽ የቀደመውን ስትመልሺለት ራሱን ይሆናል።

ከጎናችን የቆመው አንድ የላሜራ ሠራተኛ ነበር። የመኪና ጣሪያ እየቆረጠ ዝቅ ማድረግ ስለሚወድ ጓደኞቹ መቀስ ይሉታል። የራሱን መኪና ጣሪያ በስንዝር አሳጥሮ፣ የሞተሩን ኮፈን አውልቆ ጥሎ፣ በጎኗ የእሳት ነበልባል ሥሎባታል። ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ይህችን መኪና የሠሯት ሰዎች ቢያዩህ ምን ይሉሃል? አልሁት።

«እነሱማ ቢያዩኝ ቁልፉን ስጠን ነው የሚሉኝ፣ ጋሼ» አለኝ።

የቀደሙትን ሥራ የሚቆርጥ እጅ አይባረክም ስለው፣ «የእኔ ተቆርጣ ትሮጣለች፤ የእርስዎ ሙሉ ሆና ቆማለች» ብሎ በዙሪያው ያሉትን አሳቃቸው።

እናትሽም ሳቀች። ልጄ፣ እናትሽ ሳቀች። ወደ ሥዕሉ ነበልባል ቀርባ በጣቷ እየነካች አያቃጥልም ወይ ስትለው፣ «ለእርስዎ ብለን አጥፍተነዋል፣ እማማ» አላት፤ ጭራሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ በቤታችን መቼ እንደ ሰማሁ ላስታውስ ሞከርሁ። አልመጣልኝም።

ከዚያ ዘወር ስትል ሰማያዊቱን አየች። ቆመች። ይቺ እኮ የእኛ ናት አለች። ማንም ሳይነግራት በሩን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ከፈተችው፤ ያ በር ቀና ካልተደረገ እንደማይከፈት ከቤታችን ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ገብታ በቦታዋ ተቀመጠች፤ መስኮቱንም ዝቅ አደረገች። እኔም ክራባቴን አስተካክዬ ፊት ለፊቷ ቆምሁ። ለመንገደኛ እንደሚደረገው አንገቷን ዘንበል አድርጋ በትሕትና እጅ ነሣችኝ።

ፀሐዩ ዓይኗን ወግቷት ይሆናል ብዬ ወደ ጥላው በኩል ዞሬ እንደ ገና ቆምሁ። እንደ ገና እጅ ነሣችኝ።

ሙቀቱ ጠንክሮ ነበርና መቀስ የብርቱካን ጭማቂ አመጣላት። ልከለክል አሰብሁ፤ በሰው ፊት ነውር ሆነብኝ። ዳኞቹ ወደ እኛ ሲመጡ ብርጭቆው ከእጇ አመለጠና ጭማቂው ቀሚሷንም፣ ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁትን ጨርቅም አራሰው። እናትሽ ትንፋሿን ዋጠች። ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደብቃ ትከሻዋን ሰበሰበች። ዓይኗ እኔን አልፎ በሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ይፈልግ ጀመር።

ዕድሜዬን ሙሉ መምህር ነበርሁ፤ የፈራ ልጅ እጁን የት እንደሚያኖር ዐውቃለሁ።

ተንበርክኬ አስቀድሜ እጆቿን፣ ቀጥዬ ቀሚሷን በመሐረቤ ጠረግሁ። ዋናው ዳኛ ማስታወሻውን እንደ ያዘ፣ ልጠብቅዎ ወይስ ልለፍዎ ብሎ ጠየቀኝ። ይለፉን አልሁት። ያን ጊዜ እናትሽ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ አንድ ነገር ነገረችኝ።

ቃሌን አላጥፍም። ቅዳሜ ነይና ውሰጃት። ልብሷን አጣጥፌ በሻንጣ ከትቻለሁ፤ መድኃኒቷ በላይኛው ኪስ ነው። ስትተኛ መብራት አታጥፊባት። ዕቃ ብትሰብር ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ፤ ስብርባሪውን ራስሽ አንሺው። ከሳቀችም ምን ያሥቅሻል ብለሽ አትጠይቂያት። በወንበሩ ላይ የቀረውን እድፍ አላጠብሁትም፤ ላስቲኩንም አልመለስሁም። ስትመጪ በዚያችው መኪና አደርሳችኋለሁ፤ ከበርሽም እመለሳለሁ። ግባ እንዳትዪኝ። ሰው ሲለያይ ማየት አትወድም።

ፈጣሪ ቤትሽን በሰላም ይጠብቅልሽ። እጅሽ የያዘው ሁሉ ይባረክ። ልጆችሽም ሳይፈሩሽ ይታዘዙሽ።

አባትሽ

ከፊርማዬ በታች መጻፍ ልማዴ አይደለም። እናትሽ በጆሮዬ ያለችኝንም ልተወው ቈርጬ ነበር። ነገር ግን ግማሽ እውነት ከውሸት አይሻልም ብዬ ያስተማርኋችሁ እኔ ነኝ። ቃሏ እንዳለ ይህ ነው፦

«እግዜር ይስጥዎት፣ ወንድሜ፤ እንደ እርስዎ ያለ ደግ ሰው አላየሁም። አሁን ባለቤቴ ሳይመጣብን ቶሎ እናድርቀው።»