የመያዝ ዕድል

ለእናቴ ልጅ፣ ለምወድሽ እህቴ፦

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ትራገሚያለሽ? እኔ ኩላሊቴ ከከዳኝ ወዲህ ከከረጢት ፈሳሽ በሆዴ ቱቦ እየገባልኝ፣ ደሜን ቤቴ ሆኜ እየታጠብኩ አለሁ። ምላሴ እንደሆነ አልታመመም።

ያቺ ልጄ ግን ልታሳብደኝ ነው። እንደምታውቂው ሆስፒታል ውስጥ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናት። እንደኔ ቤታቸው የሚታጠቡትን በሽተኞች መረጃ ሰብስባ፣ ኢንፌክሽን ማንን ይይዛል፣ ማንን ይምራል ስትል ከረመች። በመጨረሻ መጥታ፣ እማዬ፣ የፈሳሹን ከረጢት ብቻቸውን የሚቀይሩት ይብስባቸዋል፤ የመያዝ ዕድልሽ ከፍተኛ ነው አለችኝ። ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ ዕድል የተባለው ብዬ ተቆጣኋት። እሷ እቴ፣ የሙያችን አነጋገር ነው አለችና፣ ቤትሽን ዘግተሽ እኔ ጋ ትገቢያለሽ ብላ ቆረጠች። የእሷን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ሳቅ እንኳ በልኬት ነው። ከቤቴስ ሬሳዬ ይውጣ አልኩ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ባለፈው ሳምንት ሳትነግረኝ ከች አለች። ታችኛው ፎቅ ያለው ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ፣ እንዳትስቂ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ከረጢቱን እየሰቀለልኝ ነበር። በርና መስኮቱ ዝግ ነው። ቱቦው ተፈቶ ሳለ በር አይከፈትም ያለችው ራሷ ናት፤ ብታንኳኳ ማን ይክፈትላት? ሰውየው ደግሞ ድምፁን መቀነስ አያውቅበትም። ቀስ በይ የኔ እመቤት፣ አሁን ክፈቺው፣ በቃ ዝጊው፣ ጎበዝ ይላል። ልጄ ኮሪደር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

ስንከፍት ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ማነው አለች። ረዳቴ ነው አልኳት። ከመቼ ጀምሮ ስትል፣ ከክረምቱ በፊት አልኩ። እንግዲያው ብቻቸውን ከሚቀይሩት ረድፍ ላወጣሽ ነው፤ የመያዝ ዕድልሽ ቀንሷል አለች።

እሱ ሆዬ፣ ረፍዷል፣ እሷማ ተይዛለች አለ።

ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ራሷ ጎትታ፣ ይቀመጡ አለችው። እኔም ከቤቴ አልወጣሁም።

አንቺ ግን በወሩ መጨረሻ ነይ። ያንን ሰፊውን ሰማያዊ ቀሚስሽን አምጪልኝ፤ ለቱቦዬ ይመቻል። ለምን አትበይኝ። ጉልበትሽንም እስከዚያ አሳርፊው፣ ለጭፈራ ትፈልጊዋለሽ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ደረጃውን ሁሉ ሜዳ ያድርግልሽ።

ዕድለኛዋ የእናትሽ ልጅ