ዓለምነው ያዳናት መኪና

ይድረስ ለምወድሽ እታለም እናኑ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ክረምት ላይ የጀመረሽ የጉልበት ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ያስነክስሻል? ባልሽ አያ እንግዳውስ እንዴት ነው? ማሽላው ተወቃ? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ መተማ ያለው ዘመድ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ ገዳሪፍ ጋራዦቹ ሰፈር፣ ሱዳኖቹ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ዓለምነው ሽማግሌ ልኮ ልጃችሁን ትሁትን እንደጠየቀ፣ ሽማግሌዎቹም ስመ ጥር የመኪና ቴፕ ሠሪ ነው እንዳሉሽ፣ ወደናንተ ሲመጣም መንገድ ላይ መኪና ተቃጥሎ ተሳፋሪውን ሁሉ እሱ እንዳዳነ እንዳወሩልሽ ጽፈሻል። አያ እንግዳው በዚህ ልቡ ተነክቶ ጥር ላይ እንዳራት እንዳለና አንቺ ግን የኔን ቃል እንደምትጠብቂ ነግረሽኛል። ሳነበው መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈለግሁ። እኔ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ዳስ ሥር ነው የምውለው። እሱ ያዳናትን መኪና ነገር ከሥሩ ልንገርሽ።

የተበላሸ ቴፕ ሲመጣለት ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ይለጥፋል፤ ነፍሰ ጡር የሚመረምር ሐኪም ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀና ይልና «ባሲጣ» ይላል። ባሲጣ በዚህ አገር ሰው አፍ ቀላል ነው ማለት ነው። ሌላው ሰው አንዳንዴ ይላታል፤ እሱ ግን ከዚህች ቃል ሌላ ሙያ የለውም። አላውቅም ከማለት ጥርሱ ቢወልቅ ይመርጣል።

ሉጥፊ የሚባል ሱዳናዊ አለ፤ የእርሻ ሠራተኛ ወደ ጠረፏ ከተማ ወደ ገላባት የሚያመላልስበት አሮጌ ሚኒባስ አለው። ልጆቻችን ወደ አገር ሲመለሱ የጎንደር ዘፈን የሚያሰማ መኪና መርጠው ነው የሚሳፈሩ፤ ስለዚህ ቴፑ ለሉጥፊ እንጀራው ነው። ይህ ቴፕ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ያፏጭ ጀመር፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባም ጭራሹን ዝም ይላል። ዓለምነው ባሲጣ አለና ስፒከሩን ቀየረ። ፉጨቱ አልቀረም። ቴፑን ራሱን ቀየረ፤ ያው ነው። ሲያቅተው ጊዜ፣ ምቀኛ አይቶት ነው፣ ዓይን ነው አለ። በዓይን ነገር እዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ነውና ሉጥፊ ወዲያው አመነ። መስተዋቱ ላይ ክታብ ተንጠለጠለ፤ ቴፑም ከነክታቡ ማፏጨቱን ቀጠለ።

ችግሩ ሌላ አልነበረም፤ ከቴፑ ወጥቶ በመኪናው ብረት ላይ የሚታሰረው ጥቁር ሽቦ የታሰረው ቀለም ላይ ነው። ቀለሙ ተፍቆ ብረቱን ካልነካ ኤሌክትሪኩ በደንብ አይመለስም፤ ይህን እዚህ ያለ ጎማ ለጣፊ ሁሉ ያውቃል። እኔም ፋቀው ብለው፣ አንተ ባትሪህን ሙላ አለኝ። ጭራሽ ድምፁ ሲበረታ ፉጨቱን ይውጠዋል ብሎ ትልቅ አምፕሊፋየር ጨመረበት። አሁን ደግሞ ፊውዙ ይበጠስ ጀመር። ፊውዝ ሽቦው እንዳይነድ አስቀድሞ የሚቃጠል ዘበኛ ነው፤ ሲደጋገም ምን ነካው ተብሎ ይፈለጋል። የኛ ሊቅ ግን በፊውዙ ቦታ ከሲጋራ ፓኮ ያወጣውን ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ሸጎጠበት። ይህን ያየነው ከቃጠሎው በኋላ ሉጥፊ ሲከፍተው ነው።

እንግዲህ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ እናንተ ዘንድ ሊታይ፣ በዚያችው መኪና ፊት ወንበር ተቀምጦ ሄደ። ዶካ የምትባለውን ከተማ አልፈው ዘፈኑ ሲደምቅ ከወንበሩ ሥር ጭስ ወጣ። ሉጥፊ እንደነገረኝ መጀመሪያ የዘለለው ዓለምነው ነው፤ በሩን ከኋላው ሲዘጋው ጋቢው ተይዞበት ጥሎት ነው የሮጠው። እሳቱን ያጠፋው ሶፎኒያስ የሚባል የቋራ ልጅ ነው፤ ማሽላ ሲቆርጥ ከርሞ ወደ እናቱ የሚመለስ። ወንበሩን ገልብጦ፣ የጋለውን ቀይ ሽቦ በባዶ እጁ ከባትሪው መነጨቀው። የሽቦው ልባስ መዳፉ ላይ ቀለጠ። ጭሱ ሲበርድ ዓለምነው ተመልሶ መጣና እጁን አይቶ ባሲጣ አለው፤ የሞተር ግራሶ ቀባለት። ከዚያ ጋቢውን አራግፎ በሌላ መኪና ወደናንተ ቀጠለ። ጭስ ጭስ ሲል ጀግና የመሰላችሁ በዚህ ነው።

እታለም፣ ሥራ ባለመቻሉ አልንቀውም፤ ያልቻለ ይማራል። የምንቀው የሰው እጅ አቃጥሎ በዚያው እሳት ሚስት ለመለመን ስለመጣ ነው። ትሁት እዚህ ስትመጣ እናት አጠገቧ የለችም። ወባ ሲጥላት፣ ምጥ ሲይዛት፣ ሐኪም ቤት ትሂድ አትሂድ የሚለው እሱ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ሆዷ ላይ ይለጥፍና ባሲጣ ይላል። እኔ ይህን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም።

አያ እንግዳውን ሰላም በይልኝ፤ በቃሌ እንዳይቀየም፣ እሱም ቢሆን የተነገረውን ነው ያመነ። እሜቴ ሙሉወርቅን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትንሿን ፀደይን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የጠየቀችኝን የፀጉር ጌጥ አልረሳሁትም። ለትሁት ደግሞ አጎትሽ ይወድሻል በያት፤ ደብዳቤውንም ራሷ ታንብበው።

የሚያደርስልሽ ሶፎኒያስ ነው። ያን ዕለት እጁን ሊታከም ከሉጥፊ ጋር ወደዚህ ተመልሶ ነበር፤ ማጭድ መያዝ ስላቃተው አሁን ወደ ቤቱ ይገባል። ወረቀቱን በግራ እጁ ቢሰጥሽ እንደ ንቀት አትቁጠሪበት። ቀኙን እንዲያሳይሽ ለምኚው፤ ትሁትም ትየው፤ ለሽማግሌዎቹ መልስ የምትሰጡ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ወንድምሽ ያረጋል
ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.