ዝም እንዲል ዘይት ስለተቀባው ፍሬን

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን

ለተከበሩ የተራራ ብስክሌት መሞከሪያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ እግርዎ፣ እንቅልፍዎ ሁሉ ደህና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ የእነዚህን ዋጋ እኛ ቤት በቅርቡ ተምረነዋልና። ለእርስዎ መጻፍ የሚገባኝ እኔ መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ዐይን አፋርም ነኝ። ወንድሜን ሊጠይቁ ቤታችን በመጡ ጊዜ ውሃ ይዤልዎ ከመጋረጃው ኋላ የቀረሁት፣ ብርጭቆውንም እናቴ ከእጄ ወስዳ ያቀረበችልዎ፣ እኔ ነኝ። ወንድሜ «አሞራው» እያላችሁ የምትጠሩት፣ አዲስ ብስክሌት ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቁልቁለቱን ይዞት የሚወርደው ሞካሪያችሁ ነው፤ ማለቴ፣ ነበር።

አፌ ስለማይታዘዝልኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ጽፌ በድርጅትዎ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሌሎቹም ሞካሪዎች ቸርነትዎን ይወቁት።

፩. በመጀመሪያ ስለ ጆሮዎ አመሰግናለሁ። ወንድሜ የፊተኛው ፍሬን እንደሚጮህ በነገረዎ ቀን ገዢዎች ሊጎበኙ ይመጡ ስለነበር፣ ጩኸቱ እንዳያሳፍርዎ «ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ዝም ይላል» ብለው አዘዙ። ዘይት እንደሚያንሸራትት እኔ እንኳ ከወጥ ቤት አውቀዋለሁ። ወንድሜ ሲያመነታ ግን «አሞራ ደግሞ ፍሬን ምን ያደርግለታል?» አሉት፤ ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። እንደ ልማዳችሁም በግቢው ሊሾ ላይ ቀስ ብሎ ነድቶ ሲቆም ታየና አለፈ። ቁልቁለቱ ግን ሊሾ አይደለም። ከትልቁ ድንጋይ በታች ባለው መታጠፊያ ላይ ወንድሜ ፍሬኑን ጨመቀው፤ ፍሬኑም እንደታዘዘው ዝም አለ።

፪. ቀጥሎ ስለጻፉት ሪፖርት አመሰግናለሁ፦ «ሞካሪው ደንግጦ መታጠፊያውን ስቷል፤ ፍሬኑ ደህና ነው።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወንድሜ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሲውል «እማ፣ እውነት ደንግጬ ነበር እንዴ?» ይላታል። እሷም «አንተ? ከልጅነትህ ጀምሮ ሌላውን ስታስደነግጥ ነው የኖርከው!» እያለች ታገላብጠዋለች፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ሲዞር ታለቅሳለች። ሰው በገዛ እጁ ላይ እምነት እንዲያጣ ማድረግ ቀላል ሙያ አይደለም።

፫. ስለ ስጦታውም አመሰግናለሁ። ከወገቡ በታች ምንም ለማይሰማው ሰው አዲስ የጉልበት መከላከያ ማምጣት ለሌላ ሰው የሚታሰብ አልነበረም። ተረከዙ በፍራሹ እንዳይቆስል እናቴ መከላከያውን ከሥሩ ታነጥፍለታለች። ከድርጅትዎ ዕቃ ሁሉ ቤታችን ገብቶ ሥራውን በትክክል የሠራው እሱ ብቻ ነው።

፬. ይህን ልጽፈው አላሰብኩም ነበር። ትናንት የወንድሜ የሥራ ጓደኛ ቀጮ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያ ብስክሌት፣ ፍሬኑ በጨርቅ ብቻ ተወልውሎ፣ ነገ ጠዋት በገዢዎች ፊት እንደገና ይወርዳል፤ የሚያወርደውም እሱ ነው። ወንድሜ እጁን ይዞ «አትንዳው» አለው። ቀጮ ወለሉን እያየ «እኔ እምቢ ብል ሌላ ይነዳዋል፤ ምን ላድርግ ወንድሜ?» አለ። እኔም እንደ ወትሮዬ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

ነገ ግን መጋረጃ በሌለበት እቆማለሁ። ገዢዎችዎ ከመምጣታቸው በፊት ወጥቼ ከትልቁ ድንጋይ በታች፣ በመታጠፊያው መሃል እሆናለሁ። ቦታው ከመነሻው ወለል ብሎ ይታያል፤ ቀጮ ሳያየኝ አይነሳም፣ ገዢዎችዎም ለምን እንደቆምኩ መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ ድምፄ እንዳይከዳኝ ይጸልዩልኝ።

ወገብዎን እግዜር እንዲጠብቅልዎ ዘወትር እየለመንኩ፣ ያልሰጠሁዎትን ብርጭቆ ውሃ ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና የምማጸን፣

የአሞራው እህት

ማሳሰቢያ፦ ፍሬኑ ደህና ስለመሆኑ በእጅዎ ፈርመዋልና ለእኔ አይሥጉ። መታጠፊያው ሰፊ ነው፤ ከጎኔ ለእርስዎም መቆሚያ ትቼልዎታለሁ።