በጥቂት ጉዳት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ዲላ ዝናቡ አላባራም፤ ቡናው ግን በደንብ ይዟል።

በሬዲዮ «የጦር ታሪክ ለሚወድ ሁሉ» እያልክ የመረጥካቸው መጻሕፍት ሲደርሱት አባባ ደስ ብሎት ነበር። ዓይኑ ስለደከመ ከሥራ ስመለስ እኔ አነብለታለሁ። የሩቅ አገር ውጊያ ሲሰማ እየሳቀ «ይሄ አዛዥ ብልጥ ነው» ይላል። ከዚያ ከሁሉ አስበልጠህ ያሞገስከውን ጀመርን፤ አባባ ራሱ ስለተዋጋበት የሰሜኑ ጦርነት የተጻፈውን። እሱ የነበረበት ኮረብታ ጋ ስንደርስ «በጥቂት ጉዳት ተያዘ» ይላል። ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ የሞቱ ጓዶቹን ስም አንድ በአንድ መጥራት ጀመረ። ከጓዶቹ መሃል ከዚያ ኮረብታ በሕይወት የወረደው እሱ ብቻ እንደሆነ ያን ቀን ሰማሁ። ደግነት የሚባለው የቡሌው ጓዱ እቅፉ ውስጥ ሆኖ ውሃ እየለመነ ነው የሞተው።

«ወንድምሽን ብዙ ሰው ይሰማዋል፤ ስማቸውን ይጥራልኝ» አለኝና ደወልኩልህ። አንተም «አባባ አርጅቷል፣ ይረሳል። ደራሲው ሰነድ አገላብጦ ነው የጻፈው» አልክ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌው ነበር፤ አባባ አጠገቤ ነበር። ይህንን ብለህ ስታበቃ ደግሞ፣ ስለ መጽሐፉ በምታዘጋጀው መድረክ ላይ የደንብ ልብሱን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጥልህ ጠየቅክ።

በማግስቱ ከጦርነቱ ያገኘውን ሜዳሊያ ኪሱ ከቶ ቡሌ ወጣ። መኪናው ጭቃ ሲይዘው የቀረውን መንገድ በእግሩ ሄደ። ሜዳሊያውን ለደግነት እናት ለእማማ ካሳነሽ ሰጣቸው፤ ልጃቸው እንዴት እንደሞተም አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። አልቅሰው ሲወጣላቸው «ሌላም ካለ ንገረኝ» አሉት።

እስካሁን እዚያው ነው። ልመልሰው ሄጄ ነበር። «እዚህ የሚሰማኝ ሰው አለ» አለኝ። ለወንድም ጋሼ ምን ልበልልህ ስለው፣ ተነስቶ የእማማ ካሳነሽን እንሰት ያሳየኝ ጀመር።

የመድረክህ ማስታወቂያ ላይ የለጠፍከውን የአባባን ፎቶ አንሳው።

ምርቃቱ ከእኔ ብቻ ነው፤ ጌታ ቤትህን ይባርክ፣ ልጆችህንም የሚሰማቸው አባት አያሳጣቸው።

እህትህ