የመስከረም ጾም

ነቀምት፣ ጨለለቂ
መስከረም 19

ለቀድሞ ወዳጄ፣

አካም ጅርታ? ሰላምታውን ያስተማርከኝ አንተ ስለሆንክ በእሱ ልጀምር ብዬ ነው። ጤናህ እንዴት ነው? ክረምቱ ሲወጣ የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮስ ማረህ? የእናትህን ጤና አልጠይቅህም፤ ካንተ ይልቅ እኔ በቅርብ አይቻቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ለውኃ ናሙና ሲሬ ሄጄ በበራቸው አለፍኩ። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ትንሽ ያስቸግረኛል።

በስልክ የላክህልኝን መልእክት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ብፅዓትን ምን አልሻት? ስልኬን አታነሳም። አዲስ አበባም አልሄድም ብላለች። በቅናት ተነሳስተሽ ስሜን እንዳጠፋሽ አውቃለሁ» ይላል። በስልክ ልመልስልህ አልፈለግሁም። የስልክ ጽሑፍ በአንድ ጣት ይጠፋል። ይሄን ለማጥፋት ግን መቅደድ ይኖርብሃል፤ ስትቀድ ደግሞ ቢያንስ ጆሮህ ይሰማል።

ያልኳትን እነግርሃለሁ። ሁለት ቃል ነው። ግን በተራው ይመጣል። አንተ ራስህ ወይን ስታስቀምሰን «መጀመሪያ ቀለሙን እዩ፣ ቀጥሎ አሽትቱ፣ አፋችሁ መጨረሻ ነው» ትለን አልነበር?

መጀመሪያ ስለ ቅናቱ። አዎ፣ ቀንቻለሁ። ስድብ መስሎህ ከሆነ የጻፍከው፣ አልሰደብከኝም። ከሚያዝያ ጀምሮ እንደ ቀናሁ ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እቀናለሁ፣ ጉቴ ሄጄ የውኃ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ የናሙና ጠርሙስ ስሞላ እቀናለሁ። የቀናሁበትን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። አንተ ግን የሠራኸውን የምታውቀው አይመስለኝም፤ ስለዚህ ላስታውስህ።

ቅዳሜዎቻችን ያንተ ሐሳብ ነበሩ። ከደቡብ አፍሪካ ትምህርትህን ጨርሰህ ስትመጣ፣ ነቀምት ውስጥ ወይን እንደ ሽሮፕ አንገቱን ይዞ ከመገልበጥ ሌላ ሰው የማያውቅ መስሎህ ነበር። የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ የኦቦ ኩማ ሆቴል ፎቅ ላይ ያለችው ጠባብ አዳራሽ። ስድስት ሰው፣ ስድስት ቀይ ወይን፣ ስም አይታይ፣ አገር አይታይ። መሸፈኛ ጨርቅ ጠፍቶ ኦቦ ኩማ የልጃቸውን የኳስ ካልሲዎች ያመጡ ቀን፣ የባንክ ቤቱ ሞረዳ ምን እንዳለ ትዝ ይልሃል? «ኦቦ ኩማ፣ ታጥበዋል ግን? አለበለዚያማ ስድስቱም አንድ ነው የሚሸቱት!» እሳቸው ደግሞ «ዝም በል አንተ፣ ልጄ ሜዳ ገብቶ አያውቅም፣ ተጠባባቂ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ካልሲው ወግ ሆኖ ቀረ። በየወሩ አንዳችን አልባሽ እንሆናለን። አልባሹ ጠርሙሶቹን ሸፍኖ ቁጥር ያስርባቸዋል፤ ውስጣቸውን ስለሚያውቅ አይቀምስም፣ ነጥብም አይሰጥም። ሌላው ቀምሶ ለወይኑ ከሃያ ይሰጣል፣ ከየት አገር እንደ መጣም ይገምታል፤ በትክክል ለገመተ ነጥብ ይያዝለታል።

በመጋቢትና በሚያዝያ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። መኩራራት አይደለም፣ ሥራዬ ነው። የውኃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው፣ መሣሪያው ከመናገሩ በፊት አፍንጫው ይነግረዋል። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ለሚደረገው ውድድር ከእኛ አንድ ሰው እንደሚሄድ ስታወራ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንተም በሁሉም ፊት «ማን ሌላ አለ?» አልክ። ያችን የውድድር ወንበር ምን ያህል እንደ ፈለግኋት ታውቃለህ። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ያረጀ ሰው ነው፤ ልጁ በምላሷ ተወዳድራ ስትመጣ ቢሰማ ይስቅ ነበር፣ ግን ይኮራ ነበር።

አባቴን ካነሳሁ አይቀር፣ በሰው ፊት እንደ እህትና ወንድም የኖርነው በእሱ ምክንያት ነው። የእናንተ ጸሎት ቤትና የእኛ ቤተ ክርስቲያን እስኪታረቁልኝ ታገሠኝ ብዬህ ነበር። የእኛን ነገር ከእናትህ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ያ መደበቅ ለእኔ ትዕግሥት ነበር። ለአንተ ግን ምቹ በር ሆነልህ።

ሚያዝያ ላይ ብፅዓትን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድባ ጤና ጣቢያ የገባች ነርስ፣ የውኃ ውጤት ሳደርስ የተዋወቅኋት፣ ሰው የናፈቃት ልጅ ነበረች። «ነይ፣ ቅዳሜ ሰው ታገኛለሽ» ብዬ እጇን ይዤ ፎቅ ወጣሁ። ከጎንህ የነበረውን ወንበር የሳብኩላት እኔ ነኝ። እሳት በጉያ አይያዝም ይላሉ፤ እኔ ይዤው ደረጃ ወጣሁ።

የዚያኑ ቀን «ብርጭቆውን ከሆዱ አትያዢው፣ ከአንገቱ ነው» ብለህ ጣቶቿን አስተካከልክ። አምስት ጣት ለማስተካከል ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሞረዳ ዳቦውን ቆርሶ፣ በልቶ፣ ሌላ እስኪቆርስ ድረስ ነው የፈጀብህ። በሚቀጥለው ወር «የኔ ቆንጆ» አልካት፣ በሁሉም ፊት። እኔን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስሜን እንኳ በወጉ ጠርተኸው አታውቅም።

ሐምሌ ላይ ግን ነገሩ ከጣት አለፈ። ቁጥር አራት ሲመጣ ብፅዓት ዓይኗን ጨፍና «ይሄ የአባት መሳቢያ ይሸታል። ጧፍና የተቀረጸ እርሳስ» አለች። ኦቦ ኩማ «አቤት አነጋገር!» ብለው አጨበጨቡላት። እኔ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። አባቴ ጧፉንና እርሳሶቹን አንድ መሳቢያ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ብፅዓት ከየት ታውቃለች? ያንን ቃል በሕይወቴ አንዴ ነው ያወጣሁት፤ ሰኔ ላይ፣ አንተ ቤት፣ ዝናቡ እስኪያባራ ብለን የቆየን ቀን፣ አንገትህ ሥር ሆኜ። ሰው ሲሰርቅ ዕቃ ይሰርቃል። አንተ የአባቴን መሳቢያ ሰርቀህ ሌላ ሴት ጆሮ ውስጥ አስቀመጥከው። ቃሌ ከአንገትህ ሥር ተነሥቶ እሷ አፍ ለመድረስ ምን ያህል ቅርብ መንገድ እንደሚሄድ ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገኝም።

ደረጃው ላይ ስጠይቅህ «ጥርጣሬሽ ያሳፍራል» አልከኝ። ሰኞ ደግሞ ራስህ ደውለህ ልብህ ወደ እሷ እንደ ሄደ ነገርከኝ። መኪና ያመለጠው ሰው እንኳ ከዚያ የበለጠ ያዝናል።

በነሐሴ እኔ ልልበስ አልኩ፤ ማለቴ ጠርሙሶቹን ላልብስ። «ጾም ላይ ነኝ» አልኳችሁ። እውነት ነው፣ ፍልሰታ ነበር። ግን ጾሙ ባይኖርም አልቀምስም ነበር። ያን ቀን የሠራሁትን ተንኮል አሁን ልናዘዝልህ፤ አንድ ዓይነት ወይን ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ አንዱን ሁለተኛው ካልሲ ውስጥ፣ ሌላውን አምስተኛው ውስጥ ከተትኩት። ብፅዓትን ላዋርዳት ነበር። የምታወራው በተሰረቀ ቃል እንደሆነ ሁሉም እንዲያይ። አንተ ለቁጥር ሁለት አሥራ ሰባት ሰጠህ፣ ለቁጥር አምስት አሥራ አንድ። «አምስት ሸካራ ነው፣ ያልበሰለ ነው» ብለህ ማብራሪያም ጨመርክበት። ብፅዓት ግን ወደ ሁለቱም ብርጭቆዎች ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔ እንጃ፣ አንድ ይመስሉኛል» አለች። «አይደለም የኔ ቆንጆ፣ ልምድ ይጠይቃል» አልካት። ካልሲዎቹን ሳወልቃቸው ሞረዳ ጠረጴዛውን እየደበደበ «መምህር ወደቀ! ተማሪ አለፈች!» ብሎ ሳቀ። አንተ ስትቀላ አየሁህ፣ ደስ ሊለኝም ይገባ ነበር። አላለኝም። ያን ቀን ከሁሉም ቀን በላይ ቀናሁ። በመልኳ አይደለም፣ በአንተም አይደለም። ልጅቷ ራሷ ባላት ነገር ነው የቀናሁት። የእኔን ቃል ሳትበደር የምታሸት፣ ሌላው የሚያልፈውን የምታይ ሰው ናት። ወጥመዴ አንተን ይዞ እሷን ለቀቃት።

በመስከረምም አልባሽ ሆንኩ። ያ ቅዳሜ ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ቁጥር ሦስት ሲከፈት ሽታው አላስቆመኝም፤ መስኮት ከፍቼ ጀርባዬን ሰጠኋችሁ። ብፅዓት ነጥብ ስላገኘች የተቀየምኩ መሰለህ። ሞረዳ «ዛሬም አትቀምሺም?» ሲለኝ «ጾም ላይ ነኝ» አልኩ። «አሁንም? እናንተ ኦርቶዶክሶች የማትጾሙበት ቀን አለ እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቀ። አንተም «ተዋት፣ ጾሟን ታክብር» አልክ፣ እንደ ቄስ በረጋ ድምፅ።

ብፅዓት ግን አልሳቀችም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ ሌላ የእኛን ጾም የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን አየች፣ የያዝኩትን የውኃ ብርጭቆ አየች፣ የተከፈተውን መስኮት አየች። በዚያው ተራ።

ከዚያ ተነሥተህ፣ ሁለት ወር ነጥብ ስለሌለኝ የአዲስ አበባው ወንበር ለብፅዓት እንደሚሰጥ ተናገርክ። መጀመሪያ ያጨበጨብከውም አንተ ነህ። እኔ የወይን ጠብታ የነካቸውን ካልሲዎች ሰብስቤ ግቢ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወረድኩ። ተከትላኝ ወረደች።

«እህቴ» አለችኝ። ከሐምሌ ወዲህ ሰላምታ ነሥቻት ነበር። «የምን ጾም ነው የያዝሽው?» ካልሲዎቹን ቧንቧው ሥር አደረግኋቸው። «መስከረም እኮ ነው። ቅዳሜ እኮ ነው። ጽጌ እንኳ ገና አልገባም።» ውኃውን ከፈትኩት። አጠገቤ መጥታ መልሳ ዘጋችው። «እስከ መቼ ነው?» አለችኝ።

ይኸውልህ፣ የጠየቅኸኝ። ያልኳት ሁለት ቃል ይህ ነው።

«እስከ መጋቢት።»

ስምህን አልጠራሁም። አልሰደብኩህም፣ አላለቀስኩም። እሷ ነች ጣቶቿን ዘርግታ ወደ ኋላ መቁጠር የጀመረችው፤ ያስተካከልክላቸውን እነዚያኑ ጣቶች። የካቲት፣ ጥር፣ ታኅሣሥ እያለች ሄዳ ሰኔ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ከአንቺ ጋር ከፋሲካ በፊት ነው የተለያየነው ብሎኛል» አለች። ለካ እንዲህ ብለሃት ኖሯል። ያን ገና ያን ቀን ሰማሁ። ከዚያ የቧንቧው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ተነሥታ ካልሲዎቹን ከእጄ ወስዳ ስድስቱንም አጥባ ገመዱ ላይ ሰቀለቻቸው። ስልክህን ያላነሳችው በእኔ ወሬ አይደለም፣ በራሷ ቆጠራ ነው።

ታረቅን እንዳትል። አላቀፍኳትም። አሁንም እቀናባታለሁ፣ የምቀናበት ብቻ ተለወጠ። እሷ ስልኳን ዘግታ ከአንተ ጨርሳ መውጣት ትችላለች። እኔ በሬን ምን ያህል ብዘጋው ካንተ ውስጤ የሚቀር ነገር አለ።

ወንበሩን አልፈልገውም፤ ለሞረዳ ስጠው፣ ቢያንስ ያስቃቸዋል። አንተንም አልፈልግህም፤ ይሄን ጽፌ በር በሩን የማይ እንዳይመስልህ። አባቴን ራሴ አናግረዋለሁ። ይቆጣል፣ ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ጧፍ ያወጣል። እናትህን ግን ደስታውን አልነፍጋቸውም። ባለፈው ሳምንት የናሙናውን ሳጥን ተሸክሜ ሲያዩኝ ምንም ሳይጠይቁ ከእጄ ነጥቀው ለሾፌሩ ሰጡት። «ኮቱ ኢንተላ ኮ፣ ታኢ» አሉኝ፤ ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ወይን ቀምሰው አያውቁም፣ አንድ ጊዜ ዓይተው ግን ገባቸው። አንተ ሁለት ወር ሙሉ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠህ ነጥብ ስትሰጥ ነበር። ጾማችንን ባታውቅ አልፈርድብህም። ወር መቁጠር ግን ትችላለህ።

ከሳልህ ይማርህ። ምላስህን የወደድከውን ያህል ዓይንህን ያብራልህ። ለእናትህ ዕድሜ ይስጥልን፣ መጋቢትን አልፈው የሚመጣላቸውን አቅፈው እንዲስሙ።

እናትህ አሁንም «ኢንተላ ኮ» የሚሏት